ቺያንግ ማይ ተቀምጦ የአዲስ አበባን ጉዳይ መያዝ

ሥራችሁ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ የሜሪላንድን ብርድ ትቶ ታይላንድ ገብቶ መሥራት ዛሬ ብዙም ከባድ አይደለም። አገሪቱ እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ዲቲቪ የሚባል ቪዛ አውጥታለች። ለ5 ዓመት ያገለግላል፣ በገባችሁ ቁጥር እስከ 180 ቀን ያስቆያል፣ 500,000 ባት (15 ሺህ ዶላር ገደማ) እንዳላችሁ ማሳየት ግን ግዴታ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ከታይላንድ ውጭ ሆኖ ነው። ስለ ቪዛው ይህ ይበቃል፣ ዩቲዩብ ሞልቶታል። የእኔ ጭንቀት አገር ቤት ያለው ነገር ነው፤ የተከራየው ቤት፣ የእናት መድኃኒት፣ ያላለቀው የፍርድ ቤት ጉዳይ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም፤ ሰዓቱን። ከዋሽንግተን ሆኖ ክፍለ ከተማ መደወል እንቅልፍ ያሳጣል፤ አዲስ አበባ ቢሮ ጠዋት 2:30 ሲከፈት እናንተ ጋ ከሌሊቱ 6:30 ወይም 7:30 ነው። ታይላንድ ግን ከኢትዮጵያ የምትቀድመው በ4 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ያው ቢሮ ሲከፈት ቺያንግ ማይ ገና ከቀኑ 6:30 ነው። የአሜሪካው ሥራችሁ በምሥራቁ ሰዓት ከሆነ የምትጀምሩት ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላው በሙሉ የአገር ቤት ነው። ባንክ ደውሉ፣ ተከራዩን አነጋግሩ፣ እናታችሁን ሐኪም ቤት ሳሉ በቪዲዮ አግኟቸው። አርብ ብቻ ተጠንቀቁ፣ የመንግሥት ቢሮ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ውክልናው። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት በምትኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጨርሱ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል፤ ጊዜ ይፈልጋል። ታይላንድ ከገባችሁ በኋላ ለአንዲት ፊርማ አገር ለአገር መብረር ሊመጣ ይችላል።

ደግሞ «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብላችሁ አትተኙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ ወኪላችሁ ግማሽ ቀን ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ይሄ እኮ መሸጥ አይልም» ተብሎ ይመለሳል፣ እናንተም የወረቀቱን ፎቶ በቴሌግራም ተቀብላችሁ ስታፈጡበት ታመሻላችሁ። በተቃራኒው ኪራይ ለሚሰበስብ ሰው የመሸጥ ሥልጣን አትስጡ፣ ወንድምም ቢሆን። ይህን የምለው ወንድምን ለመጠርጠር አይደለም፤ ሥልጣኑ ልክ ስላልነበረው ብቻ የተጣላ ቤተሰብ ስላየሁ ነው። ለኪራይ አንድ፣ ለክርክር ሌላ አድርጋችሁ ብትለያዩት ይሻላል። መሻር ሲያስፈልግም በጽሑፍ ሻሩት፤ በስልክ «በቃ ተወው» ማለት ለሦስተኛ ወገን ምንም አይደለም።

ስልካችሁን አስቡበት። የባንክ ኮድ የሚመጣው በአሜሪካ ቁጥራችሁ ነው፣ ስለዚህ ርካሽ ፓኬጅ አስገቡትና በዋይፋይ እንዲሠራ አድርጉ፣ የሚቻለውንም አካውንት ሁሉ ኮዱን ወደሚያመነጭ አፕ አዙሩት። የኢትዮ ቴሌኮም ሲማችሁም ሳትጠቀሙበት ከከረመ ሊዘጋ ይችላል፣ ቴሌብራችሁ ደግሞ በዚያው ቁጥር ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ትኬት አትቁረጡ። ከ6 ወር በላይ በተከታታይ ከአሜሪካ መውጣት ለዜግነት የሚቆጠርላችሁን ጊዜ ሊያቋርጥባችሁ ይችላል። ዓመት ካለፈ ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው። ከዓመት በላይ ለመቆየት ካሰባችሁ የመመለሻ ፈቃድ አሜሪካ እያላችሁ አመልክቱ። ዜጋ የሆናችሁም ብትሆኑ የአሜሪካ የግብር ሪፖርት የትም ብትኖሩ መቅረብ አለበት፣ ታይላንድም በአንድ ዓመት ውስጥ 180 ቀን የሞላውን ሰው የግብር ነዋሪ ትለዋለች። አሠሪያችሁንም በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ስለ ኑሮው ጥቂት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሰሜኑ በቃጠሎ ጭስ ይታፈናል፣ አስም ያለበት ሰው ያኔ ቺያንግ ማይ ባይሄድ ጥሩ ነው። ለጿሚዎች ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ፤ በቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ «ጄ» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ቤት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የሚባል አይነካም። ተራ ቦታ ግን አትክልት ብቻ ብትሉም የዓሣ መረቅ ይገባበታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንኮክ ስለሚበር በዚያው አገር ቤት ጎራ ብሎ ቤተሰብ ማየት ቀላል ነው። ስትመለሱ ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ክትባቱን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፣ ካርዱንም ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት።