የስታር ትሬክ አድናቂ ፊልም እንዴት ይሠራል? በ15 ደቂቃ የሚያልቅ ጉዞ

ስታር ትሬክ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ውስጥ፣ ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የጠፈር መርከብ ጉዞ የታቀደው ለ5 ዓመት ነበር። አዛዧ ካፒቴን ከርክ በየክፍሉ መክፈቻ ላይ ይህንኑ ይነግረናል። ኤንቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ግን በ1966 የጀመረውን ስታር ትሬክ በ1969፣ 79 ክፍሎች ካሳየ በኋላ አቆመው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀረውን መንገድ ለመጨረስ የተነሡት አድናቂዎች ናቸው።

ከእነሱ አንዱ ጄምስ ካውሊ ነው። የመርከቧን ክፍሎች አንድ በአንድ መልሶ ገንብቶ ኒው ቮዬጅስ የተባለ ተከታታይ ሠራ። በ2007 በወጣው አንድ ክፍል ላይ በዋናው ተከታታይ ሱሉ የተባለውን የመርከቧን ነጂ የተጫወተው ጆርጅ ታኬይ ራሱ ተመልሶ ሱሉን ሆኖ ተጫወተ። ያ ክፍል ለሳይንስ ልብ ወለድ ሥራዎች ለሚሰጠው ለሁጎ ሽልማት ታጨ። ስታር ትሬክ ኮንቲኒውስ የተባለው ቡድን ደግሞ ከ2013 እስከ 2017 ድረስ 11 ክፍሎች አወጣ። የመርከቧን መሐንዲስ ስኮቲን የተጫወተው፣ በዋናው ተከታታይ ስኮቲ የነበረው የጄምስ ዱሃን ልጅ ክሪስ ዱሃን ነበር። እነዚህን ክፍሎች ያየ ሰው እኔም ልሞክር ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ እንዲህ ጀምሩ።

1. ካሜራ ከመንካታችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ

በ2015 መጨረሻ የስታር ትሬክ ባለመብቶች ሲቢኤስ እና ፓራማውንት አክሳናር በተባለ የአድናቂዎች ፊልም አዘጋጆች ላይ ክስ መሠረቱ። ፊልሙ ከአድናቂዎች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቦ ነበር። ክሱ በ2017 በስምምነት አለቀ። ከዚያ በፊት ግን፣ በጁን 2016፣ ኩባንያዎቹ ለአድናቂ ፊልሞች መመሪያ አውጥተው ነበር። መመሪያውን የጠበቀ ሥራ ላይ ተቃውሞ አናነሳም ይላሉ።

ዋና ዋናው ይህ ነው። አንድ ታሪክ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ቢበዛ በሁለት ክፍል 30 ደቂቃ ነው። ተከታታይ ማድረግ አይቻልም። ተዋናዩም ሠራተኛውም ያለ ክፍያ ይሠራል። ከአድናቂዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ከ50,000 ዶላር አያልፍም። በዋናው ሥራ ላይ የተቀጠረ ወይም ተቀጥሮ የነበረ ሰው አይሳተፍም። ይህ የመጨረሻው እኔን ያሳዝነኛል። የታኬይ ዓይነት መመለስ ከአሁን በኋላ አይታይም ማለት ነው።

የ15 ደቂቃው ገደብ ግን ጥሩ አስተማሪ ነው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

2. ትንሽ ታሪክ ምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከመርከቧ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ተዉት። መጀመሪያ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ አንዲት ሐኪም አንድ መድኃኒት ብቻ ቀርቷታል፤ ሁለት ታማሚ አላት፤ አንደኛው ጠላት ነው። ይህ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። የጋላክሲ ጦርነት ግን አይበቃውም።

የድሮው ተከታታይ ጉልበት ከሦስት ሰዎች ክርክር የሚመነጭ ነበር። የሳይንስ መኮንኑ ስፖክ በአመክንዮ ይሟገታል፤ ሐኪሙ ማኮይ በስሜት ይጮኻል፤ ከርክ መወሰን አለበት። እናንተም እንዲህ የሚጋጩ ሦስት ሰዎች ፍጠሩ። ከርክን ራሱን ግን ባትነኩት ይሻላል። ተመልካቹ ከዋናው ከርክ ከዊልያም ሻትነር ጋር ያወዳድራችኋል፤ ልፋታችሁ በከንቱ ይቀራል። ሌላ መርከብ፣ ሌላ ሠራተኛ፣ ያው ዓለም ይሁን።

በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ 13 ገጽ ላይ አቁሙ፤ የስም ዝርዝሩም ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላስ ላይ የሚሰናከል ንግግር ካለ ቆርጣችሁ ጣሉት።

3. ግድግዳው ግራጫ፣ መብራቱ ባለቀለም

ድሮም ገንዘብ አልነበረም። ሰዎችን ከመርከብ ወደ ፕላኔት በቅጽበት የሚያወርደው ማሽን የተፈጠረው መርከቧን በየሳምንቱ ስታርፍ ማሳየት ውድ ስለነበረ ነው። የዶክተር ማኮይ የሕክምና መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የጨው መነስነሻ ነበሩ። ለሌላ ትዕይንት ተገዝተው፣ ጨው መያዣ አይመስሉም ተብለው ሐኪሙ እጅ ገቡ።

ግድግዳውም እንዲሁ ነው። ግራጫ ቀለም ተቀብቶ፣ የካሜራ ባለሙያው ጄሪ ፊነርማን ሐምራዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ብርሃን ይለቅበት ነበር። አንድ ግድግዳ በመብራት ብቻ ሌላ ክፍል ይሆናል። ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። አንድ ጥግ ግራጫ ቀቡ። የፊት መብራቱ ነጭና ጠንካራ ይሁን፤ ባለቀለሙን ብርሃን ከታች ወደ ግድግዳው ላኩት። ሁለቱ ብርሃኖች እንዳይደባለቁ ተዋናዩን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት። ሙሉ መርከብ አያስፈልጋችሁም። አንድ ኮሪደርና አንድ አልጋ ይበቃል።

ልብሱን ራሳችሁ ስፉ፤ ወርቃማው ለአዛዦች፣ ሰማያዊው ለሳይንስና ለሕክምና፣ ቀዩ ለምህንድስናና ለጥበቃ ነው። የምትገዙ ከሆነ መመሪያው የሚፈቅደው ኦሪጅናሉን ብቻ ነው፤ ፎርጅዱን አይቀበልም።

4. ቀረጻ

መርከቧ ስትመታ ካሜራውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሉ፤ ተዋናዮቹ በአንድ ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይንገዳገዱ። ጮክ ብሎ የሚቆጥር ሰው መድቡ። አንዱ ከዘገየ ትዕይንቱ ይበላሻል።

ድምፅ ላይ አትሰስቱ። ደብዛዛ ምስልን ተመልካች ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገስም። ማይኩን ወደ ተናጋሪው አስጠጉ፤ ፍሪጅና ቬንትሌተር አጥፉ። የመርከቧን እምምታ በኤዲቲንግ ጊዜ ከሥር ታስገቡታላችሁ። ሙዚቃው የራሳችሁ ይሁን። ከዋናው ተከታታይ ድምፅም ምስልም ቆርጦ ማስገባት ክልክል ነው።

5. ስታወጡት

ስታር ትሬክ የሚለው ስም በርዕሱ ውስጥ አይገባም። ከርዕሱ ሥር ግን «ኤ ስታር ትሬክ ፋን ፕሮዳክሽን» የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል። ባለመብቱ ለፊልሙ ድጋፍ እንዳልሰጠና ሥራው ለንግድ እንዳልሆነ የሚገልጸውን ጽሑፍ ከመመሪያው ላይ እንዳለ ገልብጡ። ዲቪዲ አትሽጡ። ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ የማስታወቂያ ገቢውን ዝጉ። ልብስ የሰፋውን፣ መብራት የያዘውን፣ ምሳ ያመጣውን ሰው ስም መጨረሻው ላይ አስገቡ፤ ሌላ ክፍያ የላቸውምና የስም ዝርዝሩ ረጋ ብሎ ይለፍ።