የሚያጉረመርም የድሮ ሸክላ ማጫወቻን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ሸክላ ማጫወቻው ጮኸ ብላችሁ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጩኸቱን ለዩት። «እምምም» እያለ የማያቋርጥ ከሆነ ነገሩ የገመድ ነው። ከሩቅ እንደሚመጣ ከባድ መኪና «ጉርርር» ካለ የሚሽከረከር ነገር ተበላሽቷል። «ጢስ ጢስ» ካለ ደግሞ ወይ አቧራ ነው ወይ መርፌ። ብዙ ሰው ሦስቱንም ጠቅልሎ «ሞተሩ አርጅቷል» ይላል። እኔ ሞተር የምጠረጥረው ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

የማወራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በብዛት ስለተሠሩት፣ ሞተሩ በትንሽ ጎማ አማካይነት ሰሃኑን ስለሚያዞርባቸው ማሽኖች ነው። ጋራርድ ኤስፒ25 እና ዱዋል 1219 ከዚህ ወገን ናቸው። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸውን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ከቤተሰብ የወረሳችሁ ካላችሁ፣ አብሮ የመጣው ማጫወቻም እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ምርመራ

ሰሃኑ ሳይዞር፣ ክንዱ ማረፊያው ላይ እንዳለ፣ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ከፍ አድርጉ። «እምምም» እዚያው ካለ ማሽኑን መፍታት አያስፈልግም።

ከዚያ ማሽኑን አጥፉና ሸክላ አስቀምጡ። አምፕሊፋየሩ እንደበራ ይቆይ። መርፌውን ሸክላው መጨረሻ ላይ፣ ዘፈን የሌለበት ቦታ አሳርፉና ሰሃኑን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። በእጅ ሲዞርም የሚያጉረመርም ከሆነ ችግሩ መሃል ያለው ኩሽኔታ ነው። በእጅ ሲዞር ዝም ብሎ በሞተር ሲዞር ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ ጎማው ወይም የሞተሩ ማቀፊያ ነው።

«ዱብ፣ ዱብ» እያለ የሚመላለስ ከሆነ ምቱን ቁጠሩ። በ33 ፍጥነት ሰሃኑ አንዴ ለመዞር 1.8 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በ45 ደግሞ 1.3 ገደማ። ምቱ ከዚህ ጋር ከገጠመ ሸክላውን ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ጭረት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ከፈጠነ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተጠፍጥፏል ማለት ነው።

«እምምም» ሲል

ከማጫወቻው ጀርባ ከሁለቱ የድምፅ ገመዶች ጋር አንድ ቀጭን ሽቦ ይወጣል። ያ ሽቦ አምፕሊፋየሩ ላይ «ጂኤንዲ» የሚል ብሎን ላይ መታሰር አለበት። የክንዱን ብረት በጣት ስትነኩ ድምፁ ከቀነሰ ወይም ከጨመረ ሽቦው ወይ ወልቋል ወይ የሆነ ቦታ ተበጥሷል።

ሌላው የተለመደ ነገር ማጫወቻውን ተራ መግቢያ ላይ መሰካት ነው። ከማግኔት ካርትሪጅ (ካርትሪጅ ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የያዘችው ትንሽ ዕቃ ናት) የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ወይም የፎኖ ማጉያ ይፈልጋል። ያለዚያ ዘፈኑ ሲር ብሎ ይቀጥናል፣ እናንተ ድምፅ ስትጨምሩ ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። የሴራሚክ ካርትሪጅ ያላቸው ግን ይህ አያስፈልጋቸውም።

«ጢስ ጢስ» ሲል

ሸክላውን አጽዱ። መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። አልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ከሠራ መቀየር አለበት። የእናንተ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያውቅ ከሌለ ቀይሩት፤ ያለቀ መርፌ ሸክላውን ይበላዋል። መርፌው እየዘለለ ሲያስቸግር ክንዱ ላይ ሳንቲም የሚለጥፉ አሉ፤ እባካችሁ ይቅርባችሁ። በአንድ በኩል ብቻ ድምፅ ከጠፋ ካርትሪጁ ላይ ያሉትን አራት ቀጫጭን ሽቦዎች እዩ። ቀዩና አረንጓዴው የቀኝ፣ ነጩና ሰማያዊው የግራ ናቸው። ጫፎቻቸውን በአልኮል አጽዱ።

«ጉርርር» ሲል

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ከግድግዳው ንቀሉ። ክንዱን እሰሩት። ሰሃኑን የያዘችውን ትንሽ ክሊፕ ስታወጡ በሌላ እጃችሁ ሸፍኗት፤ ከተፈናጠረች ሶፋ ስር ነው የምትገኘው። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱ።

መጀመሪያ ጎማው። ጠርዙ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደርቋል። ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ጨርቅ አርሳችሁ ጥረጉት። ካልበቃው በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ እያዞራችሁ በስሱ ፋቁት፤ አንድ ቦታ ላይ ካሰነበታችሁት ግን አዲስ ጉድጓድ ትፈጥራላችሁ። የሰሃኑን የውስጥ ጠርዝና የሞተሩን ጫፍ ጨርቁ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም ድረስ በአልኮል ጥረጉ። የጎማው ዘንግ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል። ጎማው ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ከነካች እንደገና ከአልኮሉ መጀመር ነው።

ቀጥሎ መሃሉ። ብዙዎቹ ሰሃኑን የሚሸከመው ቦታ ላይ ሮንዴላ፣ ትንንሽ ኳሶች ያሉበት ቀለበት፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ ሮንዴላ አላቸው። ቅደም ተከተሉን አትርሱ። የድሮው ግሪስ ደርቆ እንደ ሙጫ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሙልጭ አድርጋችሁ አጽዱና ሮንዴላዎቹን ብርሃን ላይ እዩ። ኳሶቹ የቆፈሩት መስመር በጥፍር የሚታወቅ ከሆነ ጉርምርምታው ከዚያ ነው፤ የኋላ ገጹ ንጹህ ከሆነ ገልብጣችሁ ግጠሙት። ስስ ግሪስ ቀቡ። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ግን እዚህ አይገባም። አንድ ጠጋኝ የነፋበት ማሽን እጄ ገብቶ ያውቃል፤ ለጥቂት ቀን ጸጥ ብሎ ስፕሬዩ የቀረውን ግሪስ አጥቦ ስለወሰደው ከበፊቱ ብሶ ነበር።

አሁን ሞተሩ፣ በተለይ የታሰረበት ጎማ። ሞተሩ ከብረቱ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፣ ትንንሽ የጎማ ማቀፊያዎች ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እነሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ድንጋይ ይሆናሉ። ያኔ የሞተሩ ንዝረት ሁሉ በብረቱ አልፎ መርፌው ጋ ይደርሳል። በጥፍራችሁ ተጫኗቸው፤ ካልተጎደጎዱ አልቀዋል። ለማሽኑ የተሠራ መለወጫ ከውጭ ማስመጣት ጥሩ ነው። እስከዚያው ሶማሌ ተራ የመኪና ሽቦ የሚያልፍባቸውን ቀለበት ጎማዎች ፈልጉ፣ ግን ከሁሉም ለስላሳውን ምረጡ። ብሎኑን አጥብቃችሁ ጎማውን ከጨፈለቃችሁት አዲሱም ከአሮጌው አይሻልም።

ሞተሩ እጃችሁ ላይ እያለ ዘንጉን በጣት አሽከርክሩት። ወዲያው ቀጥ ካለ ከላይና ከታች ያሉት የነሐስ ቡሽዎች ዘይት ጠምቷቸዋል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ ጣል አድርጉና አሳድሩት።

ስትገጥሙት የማጓጓዣ ብሎኖቹን አትርሱ። ለጉዞ የጠበቁት ብሎኖች ካልላሉ ማሽኑ ሞላው ላይ አይንሳፈፍም፣ ከወለሉ የሚመጣው ሁሉ ይሰማል። ይሄን ብቻ አላልቶ የተገላገለ ሰው አውቃለሁ።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ

እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። የእንዲህ ዓይነት ማሽን ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ስለሆነ ይዘገያል፤ 45 የነበረው 37.5 ይሆንና ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣው ይመስላል። መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ነሐስ ለ50 ኸርዝ በተሠራችው መቀየር ነው። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ያሉት ግን ፍጥነታቸውን የሚጠብቁት በኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ቮልቱ ብቻ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሸክላ እየተጫወተ መብራት ከሄደ ክንዱን አንሱና የማሽኑን እጀታ ወደ ማጥፊያው መልሱት። ካልመለሳችሁት ጎማው የሞተሩን ጫፍ እንደተጫነ ይቆያል። መብራቱ በማግስቱ ከመጣ «ዱብ፣ ዱብ» የምትለዋ ጉድጓድ በዚያች ሌሊት ልትፈጠር ትችላለች።