ስለ ጦርነት ጊዜ ሴት አብራሪዎች የወጣቶች ታሪካዊ ልቦለድ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለበረሩ ሴቶች ለወጣቶች የሚጻፍ ልቦለድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጀግናዋ በሕግ ያልተፈቀደላትን ስትሠራ፣ በእጇ ያልነበረ ዕቃ ስትጠቀም ነው። ጉዳቱ አንድ መረጃ ተሳሳተ ተብሎ አይታለፍም። የተከለከሉት ነገር፣ የጎደላቸው ዕቃ፣ የተነፈጋቸው ማዕረግ የታሪኩ ዋና ውጥረት ያለበት ቦታ ነው፤ እሱን ያስተካከለላት ደራሲ ታሪኳን ቀማት ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሦስት አገሮችን ሴቶች አንድ ማድረግ

ጀግናዋ የየት አገር ሰው እንደሆነች ሳይወስኑ አንድ መስመር አይጻፉ። በሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 1941 በወጣ ትዕዛዝ ሦስት የሴቶች የአየር ሬጅመንቶች ተቋቋሙ፤ 586ኛው ተዋጊ፣ 587ኛው ቦምብ ጣይ፣ 588ኛው የሌሊት ቦምብ ጣይ። አደራጇ ማሪና ራስኮቫ ነበረች፤ ሥልጠናው ደግሞ በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው ኤንግልስ ከተማ። እነዚህ ሴቶች ግንባር ላይ ተዋግተዋል፤ ተኩሰዋል፣ ቦምብ ጥለዋል።

የአሜሪካዎቹ ዋስፖች (የሴቶች አየር ኃይል አገልግሎት አብራሪዎች) ግን በሕግ ሲቪል ነበሩ። ከነሐሴ 1943 ጀምሮ በዚህ ስም ሲጠሩ፣ ሥራቸው አውሮፕላን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ማድረስ፣ የተጠገነውን አብርሮ መፈተሽ፣ ለመድፈኞች ልምምድ የዒላማ ጨርቅ በአየር ላይ መጎተት ነበር። አብዛኞቹ ቴክሳስ ውስጥ ስዊትዎተር አጠገብ ባለው አቬንጀር ሜዳ ሠልጥነዋል፤ በጠቅላላው የተመረቁት 1,074 ናቸው፤ 38 ሴቶች ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ሲቪል ስለሆኑ ሬሳቸው በሠራዊቱ ወጪ አይሸኝም፣ ሣጥናቸው ባንዲራ አይለብስም፤ ጓደኞቻቸው ገንዘብ እያዋጡ ወደ ቤተሰብ የላኳቸው አሉ። ድርጅቱ በታኅሣሥ 20 ቀን 1944 ተበተነ፤ የጦር አርበኛነት መብታቸው የታወቀው በ1977 ነው። የብሪታንያ ሴቶችም ኤቲኤ በተባለው አውሮፕላን አድራሽ የሲቪል ድርጅት ውስጥ በጥር 1940 ሃትፊልድ ላይ ስምንት ሆነው ጀመሩ። መጀመሪያ የተፈቀደላቸው ታይገር ሞዝ የምትባል ክፍት የማሠልጠኛ አውሮፕላን ብቻ ነበረች፤ በክረምት ብርድ አገር አቋርጠው ያደርሷታል። ከወንዶቹ እኩል ደመወዝ ያገኙት በ1943 ነው።

ስለዚህ ቴክሳስ ላይ የሠለጠነች ልጅ የጀርመን አውሮፕላን መትታ ከጣለች ልቦለዱ እዚያው ላይ አልቋል። የእሷ ጦርነት ሌላ ነው። ከኋላዋ የምትጎትተው ጨርቅ ላይ መተኮስ የነበረበት ጥይት የአውሮፕላኗን ጭራ በስቶ ታገኘዋለች። አብራ የተኛችው ልጅ ስትሞት ለሣጥኗ ማጓጓዣ ገንዘብ ይሰበሰባል። ይህ ለአሥራ ስድስት ዓመት አንባቢ ከአየር ላይ ተኩስ የበለጠ ያንገበግባል። የግድ የአየር ውጊያ ከፈለጉ ጀግናዋን ወደ ሩሲያ ይውሰዷት።

ዩ-2ን እንደ ተዋጊ አውሮፕላን ማብረር

ብዙ ደራሲ የሚሰናከለው እዚህ ነው። 588ኛው ሬጅመንት የበረረባት ዩ-2 ለጀማሪ ማሠልጠኛ የተሠራች፣ አጥንቷ እንጨት ቆዳዋ ሸራ የሆነ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ናት። ባለ 5 ሲሊንደር ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት ያህል አለው። ቦምብ ተሸክማ በሰዓት ከ100 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ብትበር ነው። «ፍጥነቷን ጨምራ ከጠላት አመለጠች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። የምታመልጠው በዝግታዋ ነው፤ ዝቅ ብላ ስትታጠፍ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ያን ያህል ቀስ ብሎ መብረር ስለማይችል አልፏት ይሄዳል።

የጥቃቱን ቅደም ተከተል በትክክል ይያዙ። አብራሪዋ ገና ከዒላማው ርቃ ሳለች ከፍታ ትይዛለች። ስትቃረብ ጋዙን ትቀንሳለች፤ አውሮፕላኗም እየተንሸራተተች ትወርዳለች። አሁን የሚሰማው በክንፎቹ መካከል በተወጠሩት ሽቦዎች የሚያፏጨው ነፋስ ነው። ከኋላ የተቀመጠችው ናቪጌተር ብርሃን ሰጪ ቦምብ ጥላ ዒላማውን ትለያለች፣ አቅጣጫ ታሳርማለች፣ ቦምቡን ትለቃለች። ክብደቱ ሲቀንስ አውሮፕላኗ ወደ ላይ ትነሣለች። ከዚያ ጋዝ ሙሉ ተሰጥቶ መታጠፍ ይመጣል፤ ሞተሩ ጮኾ ያሉበትን የሚያሳብቀው ያኔ ነው። ጠላት ከመሬት ወደ ሰማይ የሚያበራው የፈላጊ መብራት ነጭ ጨረር ኮክፒቱን ሲሞላው አብራሪዋ የራሷን መቆጣጠሪያ ሰዓቶች እንኳ ማንበብ አትችልም። ፍርሃቱን እዚህ ላይ ይጻፉ።

«ሞተሩን አጠፋች» ከማለት «ጋዙን ቀነሰች» ማለት ይሻላል። ዩ-2 የሚነሣው መሬት ላይ የቆመ ሰው ፕሮፔለሩን በእጁ ሲያሽከረክረው ነው፤ አየር ላይ ከቆመ ማን ያዞረዋል?

ሬዲዮም አልነበራቸውም። ሁለቱ ሴቶች የሚነጋገሩት በመካከላቸው በተዘረጋ የድምፅ ቱቦ ነው፤ ከሰፈር ጋር መነጋገር የሚባል ነገር የለም። ያልተመለሰች ጓደኛ መሞቷ የሚታወቀው በመጠበቅ፣ ወይም ከኋላ የምትከተለው አብራሪ ስትቃጠል በማየቷ ነው፤ አውሮፕላኖቹ የሚነሡት በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ተራ በተራ ነበርና። ፓራሹት እስከ 1944 ድረስ አይዙም ነበር። በሐምሌ 31 ቀን 1943 ሌሊት በጥቁር ባሕር አጠገብ ባለችው ታማን ላይ የሆነውን ልብ ይበሉ። የፈላጊ መብራቶቹ በርተዋል፣ ፀረ አውሮፕላን መድፎቹ ግን ዝም ብለዋል። ዝምታው የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ስለነበረ ነው። አራት አውሮፕላኖች ተቃጠሉ፣ ስምንት ሴቶች ሞቱ። ፍንዳታ ብቻ የሚያውቅ ደራሲ ይህን ዝምታ ሊፈጥረው አይችልም።

ዘመኑ ያልደረሰ ስም

በ1942 ትዕይንት ውስጥ «ፖ-2» ብለው አይጻፉ። አውሮፕላኗ ይህን ስም ያገኘችው ንድፍ አውጪዋ ፖሊካርፖቭ በ1944 ከሞተ በኋላ ነው። 588ኛው «ዘብ» የሚለውን የክብር ስም አግኝቶ ወደ 46ኛ የዘብ ሬጅመንትነት የተለወጠው በየካቲት 1943 ነው። የትከሻ ማዕረግ ወደ ቀይ ጦር የተመለሰው በጥር 1943 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ማዕረግ የሚታየው ኮሌታ ላይ ነበር። ራስኮቫ በጥር 4 ቀን 1943 በአውሮፕላን አደጋ ስለሞተች ከዚያ በኋላ ለጀግናዋ ምክር ልትሰጥ አትችልም። ለ588ኛው ሴቶች «የሌሊት ጠንቋዮች» የሚለውን ስም ያወጡት ጀርመኖች ናቸው፤ ልጆቹን ከመጀመሪያው ቀን በዚህ ስም እንዲጠራሩ አያድርጓቸው።

ብቻዋን የምትበር ጀግና

በዩ-2 ላይ ሁለት ሰው ነው ያለው፤ ናቪጌተሯን የረሳ ደራሲ የመጽሐፉን ጥልቅ ጓደኝነት ረስቷል። በ588ኛው ውስጥ መካኒኮቹም፣ ቦምብ ሰቃዮቹም ሴቶች ነበሩ። ባለ 50 እና ባለ 100 ኪሎ ቦምብ በጨለማ፣ በጭቃ ላይ ተንበርክከው በእጃቸው ይሰቅላሉ፤ ብሎን የሚይዘው ጣት ሲበርድ ጓንት ይወልቃል። አንዲት አውሮፕላን በአንድ ሌሊት ስምንት ጊዜና ከዚያም በላይ ትነሣለች፤ በእያንዳንዱ ምልልስ ነዳጅና ቦምብ ትጠብቃለች። በሌሎቹ ሁለት ሬጅመንቶች ግን ወንዶችም አገልግለዋል፤ ይህን ልዩነት ይጠብቁ።

ዕድሜና የበረራ ሰዓት

የወጣቶች ልቦለድ ስለሆነ ጀግናዋን የአሥራ አምስት ዓመት አብራሪ ለማድረግ ይፈተናሉ። ዋስፕ ለመግባት ዝቅተኛው ዕድሜ መጀመሪያ 21 ነበር፣ በኋላ ወደ 18 ዓመት ተኩል ወረደ፤ ያም ሆኖ የበረራ ፈቃድና ቢያንስ 35 የበረራ ሰዓት ይጠየቅ ነበር። ከ25,000 በላይ አመልክተው የተቀበሉት 1,830 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጀግናዋ ከጦርነቱ በፊት የት እንደበረረች፣ የበረራ ሰዓቱን ማን እንደከፈለላት በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይመለስ። በሶቪየት ኅብረት መልሱ ብዙውን ጊዜ ወጣቶች በረራ የሚማሩበት የአየር ክበብ ነው። አብራ የማታውቅ የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ከፈለጉ ናቪጌተር ወይም ቦምብ ሰቃይ ያድርጓት፤ ከዩኒቨርሲቲ ወንበር ተነሥተው ናቪጌተር የሆኑ ብዙ ነበሩ።

የዛሬ አንደበት፣ የጠፋ መንግሥት

ጀግናዋ ስለ ሴቶች እኩልነት የዛሬን ንግግር ስታደርግ አንባቢው ወዲያው ያውቅባታል። ኤንግልስ ላይ የደረሳቸው ነገር ብቻውን ይናገራል፤ የተሰጣቸው የወንድ ልብስና የወንድ ጫማ ነው፣ ጫማው ውስጥ ጨርቅና ወረቀት ይጠቀጥቃሉ። ፀጉር እንዲቆረጥ ታዘዘ። ሹሩባዋ መሬት ላይ ሲወድቅ የምታየዋ ልጅ ንግግር አያስፈልጋትም።

በተቃራኒው ደግሞ የስታሊንን መንግሥት ከታሪኩ አውጥቶ ጀርመንን ብቻ ማስፈራሪያ የሚያደርግ አለ። ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ይላክ ነበር፤ የጦር ሳንሱርም ያነበዋል። በ1941 በወጣው ቁጥር 270 ትዕዛዝ መማረክ ክህደት ነበር። በ1944 ተመትታ የተማረከችው አብራሪ አና ዬጎሮቫ ከምርኮ ስትወጣ የጠበቃት የራሷ ወገን ምርመራ ነው። 22 ዓመት ሳይሞላት በነሐሴ 1943 ከውጊያ ያልተመለሰችው የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ሊዲያ ሊትቪያክ ሬሳዋ ስላልተገኘ የሶቪየት ኅብረት ጀግና ማዕረግ የተሰጣት በ1990 ነው። አብራሪዋ ነዳጅ ሲያልቅባት ከጠላት መስመር ወዲያ ልታርፍ ስትል ምን ታስባለች? ይህን ፍርሃት ካልጻፉት ውሳኔዋ ሁሉ ክብደት ያጣል።

እውነተኛ ሰውን ዋና ገጸ ባሕርይ ማድረግ

የ588ኛውን አዛዥ በርሻንስካያን እንደ ሬጅመንት አዛዥ በሩቅ ያሳዩ እንጂ የልብ ምስጢር አይስጧት። ዋናዎቹን ልጆች ይፍጠሩ፤ የፈጠሯቸውንም በእውነተኛ የሞቱ ሴቶች መቀመጫ ላይ አያስቀምጡ፣ የታማኑን ሌሊት ከጻፉ ስምንቱ ስምንት ሆነው ይቅሩ። በመጽሐፉ መጨረሻ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ማስታወሻ ይጨምሩ፦ የትኛው ሰው እንደተፈጠረ፣ የትኛው ቀን ለታሪኩ ሲባል እንደተገፋ፣ የትኛው በረራ በእውነት እንደተደረገ።