ለጀርባዎ የሚሆን የጫካ ቦርሳ፦ በትንሽ ብር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐሙስ ጅማ ገበያ ሰልባጅ ተራ ላይ ዞር ዞር ካሉ፣ ከጃኬትና ከጂንስ ክምር መሃል አንድ ሁለት ትልልቅ የጀርባ ቦርሳ አያጡም። ወገብ ላይ የሚታሰር ወፍራም ቀበቶ አለው። ጀርባው ውስጥ ጠንካራ ዘንግ ገብቶበታል። ከውጭ ማሰሪያው ብዙ ነው። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ውጭ አገር ለአዳኞች ተብለው የተሠሩ ናቸው።

እኛ ጋ ሲመጡ ግን የሚገዛቸው ሌላ ሰው ነው። ማር ሊቆርጥ ጫካ የሚያድር፣ ለጥናት ደን ውስጥ ሦስት አራት ቀን የሚቆይ ተማሪ፣ የጫካ ቡና ሊለቅም የሚወርድ። ለአደን የሚገዛ ካለ፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ እንደማይቻል ይወቅ። ከቦርሳው ፈቃዱ ይቀድማል።

እኔ ከማር ቆራጮቹ ወገን ነኝ። ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ በለጠ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሰቀሉ አጎት አሉኝ። ማር ሲደርስ አብሬያቸው እገባለሁ። የመጀመሪያውን ቦርሳዬን የገዛሁት በዓይኔ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ተሸክሜው ስመለስ ግራ ክንዴ ደንዝዞ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት አቅቶኛል። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ትከሻ ላይ ያልፋሉ፤ ማንገቻ ለረጅም ሰዓት ከተጫናቸው ክንድ ይደነዝዛል። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። አጎቴ ቦርሳውን ተቀብለው አንድ ጊዜ አዘሉትና መለሱልኝ። «ይሄኮ የሌላ ሰው ጀርባ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጓደኞቼም ብዙ ቦርሳ ገዝቻለሁ። ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

በሊትር መምረጥ

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርዎ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ነው። ገዢውም የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ሊትር ግን ዕቃዎ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ቦርሳው ለእርስዎ ይሆናል ወይ የሚለውን የሚወስነው የጀርባዎ ቁመት ነው።

የጀርባ ቁመትና የሰው ቁመት አንድ አይደሉም። የአክስቴ ልጅ ቆመን ሳለ ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሰው። አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ እኩል ነን። ቁመቴ እግሬ ላይ ነው ማለት ነው። ለእሱ ልክ የሆነ ቦርሳ ለእኔም ልክ ነው፤ ሻጩ ግን ሁልጊዜ ለእኔ ትልቁን ነው የሚያወጣልኝ።

አለካኩ ቀላል ነው። አንገትዎን ወደ ፊት ደፋ ያድርጉ። ከአንገትዎ ሥር አንድ አጥንት ጉብ ብሎ ይወጣል፤ መነሻው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት እጅዎን ወገብዎ ላይ ያሳርፉ፣ አውራ ጣቶችዎ ወደ ኋላ ይሁኑ። እጅዎ የዳሌ አጥንትዎን ጫፍ ይነካል። ሁለቱን አውራ ጣቶች የሚያገናኝ መስመር ጀርባዎ ላይ ያስቡ። ከጉብታው እስከዚያ መስመር ያለውን ሰው ይለካልዎ። ሜትሩ የጀርባዎን ጎበጥ ሰርጎድ ተከትሎ ይውረድ። በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ የትኛውም ልብስ ሰፊ በአንድ ደቂቃ ይለካልዎታል። የአብዛኛው አዋቂ ቁጥር ከ40 እስከ 53 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል።

ቁጥሩን ስልክዎ ላይ ይጻፉት። ገበያ ሲሄዱ ቦርሳውን ማንገቻው ከተሰፋበት ቦታ እስከ ወገብ ቀበቶው መሃል ድረስ ይለኩ። የቦርሳው ቁጥር ከእርስዎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢያንስ ችግር የለውም፤ ማንገቻው ከአንገት ጉብታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚነሳው። ከእርስዎ ቁጥር ከበለጠ ግን ይለፉት፣ ምንም ቢያምር። ጀርባው ላይ ማንገቻውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ ያለው ካገኙ ደግሞ እሱን ያስቀድሙ። ለሁለት ለሦስት የቤተሰብ አባል ሊያገለግል ይችላል።

ባዶውን መሞከር

ባዶ ቦርሳ ለማንም ይስማማል። ሰልባጅ ተራ ላይ መስታወት ፊት ቆመው አንዴ ዞር ብለው የሚገዙ ሰዎችን አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ያ ቦርሳ ጉዳቱን የሚያሳየው ገደል ላይ ነው።

አንድ ሐሙስ የሆነውን ልንገራችሁ። ወጣቱ ሻጭ አረንጓዴ ቦርሳ ይዞ «ብራዘር ውሰደው፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ። ልኩ ደህና ነበር። ትንሽ አለፍ ብሎ እህል የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። «እናቴ፣ አሥር ኪሎ በቆሎ ለአሥር ደቂቃ ያውሱኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ትገዛዋለህ ወይስ ታዝለዋለህ?» ብለው ሳቁ። ቢሆንም በሁለት ፌስታል መዝነው ሰጡኝ። ጃኬቴን ከሥር ጎዘጎዝኩ። በቆሎውን ከላይ፣ ጀርባዬን ተጠግቶ እንዲቀመጥ አደረግሁ። አዘልኩትና በእህል ተራው መሃል መሄድ ጀመርኩ።

ሃያ እርምጃ ሳልሄድ የወገብ ቀበቶው መላላት ጀመረ። አጠበቅኩት። እንደገና ላላ። ፈትቼ ሳየው መቆለፊያው ደህና ነው፤ ማሰሪያው ግን ከማርጀቱ የተነሳ ልሟል፣ መቆለፊያው ውስጥ ይንሸራተታል። ባዶ ሳለ ይህ በፍጹም አይታወቅም። ሻጩም ራሱ አይቶት አያውቅም ነበር። ቦርሳውን መለስኩ፣ ሁለት ኪሎ በቆሎ ገዝቼ ወጣሁ። ያን ቀን ያተረፍኩት እግሬን ነው።

ሲሞክሩ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ሁሉንም ማሰሪያ ያላሉ። ከዚያ የወገቡን ቀበቶ ይሰሩ። ቀጥሎ የትከሻውን ማንገቻ ይሳቡ፣ ግን ክብደቱን ከወገብ እስኪያነሳ ድረስ አይደለም። ከማንገቻው አናት ወደ ቦርሳው የምትሄደውን ትንሿን ማሰሪያ ቀስ አድርገው ይሳቡ፤ ከትከሻዎ ወደ ኋላ ሽቅብ ጋደል ብላ መሄድ አለባት። ዝቅ ብላ ከሄደች ቦርሳው አጭር ነው። የደረቱ ማሰሪያ መጨረሻ ይመጣል። ትንፋሽ እስኪያጥርዎ አያጥብቁት።

ከዚያ ይሂዱ። ደረጃ ካለ ይውጡ። ቁጢጥ ይበሉና ይነሱ። ማንገቻው ትከሻዎ ላይ ሙሉ ለሙሉ ተኝቷል ወይስ ከአናቱ ክፍተት አለ? ጓደኛዎ ከጎን ሆኖ ይይልዎ። ሩብ ሰዓት አይብዛብዎት፣ ሻጩም ቢቆጣ አይዘኑ።

ወገቡን መርሳት

እንስራ ያዘለች ሴት ክብደቱ የት እንዳረፈ ያስታውሱ። ወገቧ ላይ ነው፤ ገመዱ እንስራውን ይይዛል እንጂ አብዛኛውን ክብደት አይሸከምም። ጥሩ ቦርሳም እንደዚያው ነው። አብዛኛው ክብደት ዳሌ አጥንት ላይ አርፎ በእግር መውረድ አለበት። ማንገቻው ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይጎትትዎ ይይዛል፣ በቃ።

ስህተቱ ቀበቶውን ሆድ ላይ ማሰር ነው። ሆድ ላይ ያለ ቀበቶ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ክብደት አይቀበልም። የቀበቶው ስፖንጅ የዳሌ አጥንትዎን ጫፍ መሃል ለመሃል ይቀፍ። ሙሉ በሙሉ ሲጠብቅ የግራና የቀኙ ስፖንጅ ከፊት ለፊት ከተነካካ ቀበቶው ሰፊ ነው፤ ሲከሱ ወይም ልብስ ሲያወልቁ ማጥበቂያ አይኖርዎትም። ሴቶች እዚህ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። ለወንድ ተብሎ የተሠራ ቦርሳ ለብዙ ሴቶች ጀርባው ይረዝማል፣ የማንገቻው መሃልም ይሰፋና ከትከሻ ይንሸራተታል። ትንሹን መጠን ይጠይቁ።

እና ቦርሳው ምንም ልክ ቢሆን አይከምሩበት። ለብዙ ቀን ጉዞ የራስዎን ክብደት አንድ አምስተኛ አይለፉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ነው፣ ውሃውን ጨምሮ።

«የአደን ነው» ሲባል መደሰት

የአዳኝ ቦርሳ ለተለየ ሥራ ነው የተሠራው። ሰውየው የገደለውን እንስሳ ሥጋ ከጫካ እንዲያወጣ ታስቦ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ጠንካራ ነው፣ ባዶውንም ከባድ ነው። ሦስት ኪሎ የሚደርስ ባዶ ቦርሳ አለ። ጭኮ፣ በሶ፣ ብርድ ልብስና ሁለት ሃይላንድ ውሃ ለሚይዝ ሰው ይህ የባከነ ጉልበት ነው።

ሌላው ጨርቁ ነው። እንስሳው እንዳይሰማ ተብሎ አንዳንዱ ለስላሳ፣ ፀጉራም ጨርቅ ይለብሳል። ቅርንጫፍ ሲነካው ድምፅ የለውም። ነገር ግን ውሃ ይጠጣል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። እንዲህ ያለ ቦርሳ ረጥቦ ሲከብድ፣ ማታም ሳይደርቅ ሲያድር አይቻለሁ። ለእኛ ጫካ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለጥ ያለ ናይለን ይሻላል። በየጎኑ የተንጠለጠለው ማሰሪያም ሐረግ ውስጥ ይጠላለፋል፤ የማያስፈልግዎትን ጠቅልለው ያስሩት።

ቀለሙ ግን ከሁሉም ያሳስበኛል። ብዙው የአደን ቦርሳ ዝንጉርጉር ነው፣ የወታደር መለዮ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር አዝሎ ኬላ ላይ መድረስ ጥያቄ ያስነሳል፣ ጫካ ውስጥም የሚያገኙዎትን ሰዎች ያስደነግጣል። ርካሽ ቢሆንም ይተዉት። ደማቅ ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ይሻላል፤ ጉም ሲወርድ የኋላው ሰው ያይዎታል።

«ዋተርፕሩፍ ነው» ማመን

አብዛኛው ቦርሳ ስፌቱና ዚፑ ውሃ ያስገባል። አዲስም ቢሆን። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡና ጨርቁን ከውስጥ በኩል ያሹት። ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ነገር ሲያረጅ ይጣበቃል፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ያሽቱትም። ኮምጠጥ ያለ መጥፎ ሽታ ካለው ያ ቅብ እየበሰበሰ ነው። ታጥቦ አይለቅም፣ መልሶ መቀባቱም አድካሚ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ወፍራም ትልቅ ላስቲክ ገዝተው ቦርሳው ውስጥ ያስገቡ፣ ዕቃዎን እዚያ ውስጥ ያድርጉ፣ አፉን ጠምዝዘው ይሰሩ። ሰማይ ቢቀደድ ብርድ ልብስዎ ደረቅ ነው። የማዳበሪያን የውስጥ ላስቲክ ለዚህ የሚያውሉ አሉ። እባክዎን ስንቅ ካለበት አይጠቀሙበት።

ብሩን ሁሉ ቦርሳው ላይ መጨረስ

ከያዙት ብር አምስት እጅ አንዱን ለጥገና ያስቀሩ። የተቀደደ ኪስ፣ የተተረተረ ስፌት፣ የተሰበረ መቆለፊያ ዋጋ ለማስወረድ ጥሩ ምክንያት ናቸው፤ ጎበዝ ጫማ ሰፊ በናይለን ክር ይሠራቸዋል። መቆለፊያ ከሌላ አሮጌ ቦርሳ ይወሰዳል። ዚፑ ጥርሱ ደህና ሆኖ የሚስበው ብቻ ከላላ፣ እሱም ይቀየራል። የተሰበረ የጀርባ ዘንግ፣ ረጋፊ ቅብ፣ ሞቶ የተኛ የማንገቻ ስፖንጅ ግን በነፃ ቢሰጡዎም አይውሰዱ። ስፖንጁን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ተመልሶ ካልተነሳ አልቋል።

በቆሎውን ካዘልኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሰማያዊ ቦርሳ አገኘሁ። ጀርባው 46 ነው፤ የእኔ 48። የጎን ኪሱ ተቀዷል፣ የደረት ማሰሪያ የለውም። ለዚህ ብሎ ሻጩ ዋጋውን በግማሽ ቀነሰልኝ። ጫማ ሰፊው ከአሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ ማሰሪያ ቆርጦ ደረቱ ላይ ሰፋልኝ፣ ኪሱን በጂንስ ቁራጭ ጠገነው። ባለፈው ጊዜ በለጠ ስንገባ አጎቴ ሙሉውን አዝለው እስከ መጀመሪያው ቀፎ ሄዱ። አውርደው አልሰጡኝም። እስከ ማታ እሳቸው ናቸው የተሸከሙት።