የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ የሰፈርን እውነተኛ ዋጋ ማወቂያ መንገድ

የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ገዢ ነው፤ ዋጋ የሚወርደው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ሻጮች በደጉ ጊዜ የሰሙትን ዋጋ ይዘው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይጠብቃሉ። በዚህ መሃል «ዋጋው እኮ አልወረደም» የሚለው ወሬ እውነት ይመስላል፤ በተጠራው ዋጋ የሚገዛ ግን የለም። ስለዚህ ሊገዙም ሆነ ሊሸጡ ካሰቡ ከዋጋው በፊት ሌላ የሚቆጠር ነገር አለ፦ ስንት ቤት ተሸጠ? ስንቱስ ቆሞ ቀረ?

የሻጭ ግትርነት በቁጥር ታይቷል። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ጀነሶቭ እና ክሪስቶፈር ሜየር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቦስተን አፓርታማ ገበያ ላይ ሠርተው በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ከገዙበት በታች ሊሸጡ የተገደዱ ባለቤቶች የሚጠሩትን ዋጋ ከፍ ያደርጉ ነበር። ጭማሪው ቤቱ በተገዛበትና አሁን ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆነው ነው። ቤታቸውም ከሌሎቹ ይልቅ ሳይሸጥ ይቆይ ነበር።

የአገር አቀፍ አሃዝም ብዙ አይረዳዎትም። በአሜሪካ ከ2006 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) የቤት ዋጋ በአገር ደረጃ ወደ 27 በመቶ ወርዷል። ላስ ቬጋስ ግን ከ60 በመቶ በላይ ሲወርድ፣ ዳላስ የወረደው 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የሰፈርዎን ገበያ የሚነግርዎ የሰፈርዎ ቆጠራ ነው።

ቆጠራውን መጀመር

መጀመሪያ ክልልዎን ያጥብቡ። አንድ ገዢ «ይሄ ካልሆነ ያኛውን እወስዳለሁ» ብሎ የሚያማርጣቸው ቤቶች አንድ ገበያ ናቸው፤ አፓርታማና ግቢ ያለው ቤት ግን ጎን ለጎን ቢቆሙም ሁለት ገበያ ናቸው። ከዚያ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶችን መርጠው በሠንጠረዥ ይመዝግቡ፦ አድራሻ፣ ስፋት፣ መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ፣ አሁን የሚጠራው ዋጋ፣ ማስታወቂያው የወጣበት ቀን። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ ዝርዝሩን ያድሱ። ከዝርዝሩ የጠፋ ቤት ተሽጦ ይሁን ሻጩ ተስፋ ቆርጦ አንስቶት ይለዩ፤ ደላላውን መጠየቅ ወይም ከወር በኋላ ቤቱን ሄዶ ማየት ይበቃል።

ቀጥሎ ክምችቱን፣ ማለትም ለሽያጭ የቀረቡትን ቤቶች ብዛት፣ በወር በሚሸጠው ያካፍሉ። በክልልዎ 60 ቤቶች ለሽያጭ ቀርበው፣ ባለፉት ሦስት ወራት 9፣ 13 እና 8 ቤቶች ቢሸጡ፣ በወር በአማካይ 10 ማለት ነው፤ ክምችቱ የ6 ወር ነው። ሽያጩ በወር ወደ 4 ቢወርድና የቀረቡት ቤቶች 72 ቢደርሱ 18 ወር ይሆናል። በተለምዶ 6 ወር አካባቢ የተመጣጠነ ገበያ ይባላል፤ ከዚያ በጣም ሲያንስ ሻጭ፣ በጣም ሲበልጥ ገዢ ያዛል። ሆኖም ይህ ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ የሰፈርዎን ቁጥር ከራሱ ያለፈ ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ማወዳደር ይሻላል። የአንድ ወር ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ሁለት ቤት ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ስሌቱን ያዛባዋል።

ቁጥር የሚያታልልባቸው ቦታዎች

ማስታወቂያ ላይ «የወጣው ከ5 ቀን በፊት» የሚለውን አይመኑ። ቤት ሳይሸጥ ሲቆይ ደላላ ማስታወቂያውን አንስቶ እንደ አዲስ ያወጣዋል፤ ቀኑም ከአንድ ይጀምራል። የእርስዎ ሠንጠረዥ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ፎቶውንና አድራሻውን አመሳክረው ቤቱ ስምንት ወር እንደቆመ ያውቃሉ።

የተጠራ ዋጋና የተቆረጠ (ሽያጩ የተፈጸመበት) ዋጋም የተለያዩ ናቸው። የሚነጻጸረው የተቆረጠው ዋጋ መጀመሪያ ከተጠራው ጋር እንጂ ሦስት ጊዜ ከተቀነሰ በኋላ ከተጠራው ጋር መሆን የለበትም። 100 ተጠርቶ፣ ወደ 90 ወርዶ፣ 88 የተሸጠ ቤት «98 በመቶ አወጣ» ሊባል ይችላል፤ እውነቱ 88 በመቶ ነው። በዚያ ላይ በውሉ ላይ የማይታይ ቅናሽ አለ፦ ሻጩ ጥገናውን ወይም የስም ማዛወሪያ ወጪውን ይችላል፣ የቤት ዕቃ ይጨምራል፣ ክፍያውን ያለ ወለድ ያራዝማል። አልሚዎች፣ ቤት ሠርተው የሚሸጡት፣ ይህን አዘውትረው ይጠቀማሉ፤ ዋጋውን በይፋ ቢሰብሩ ቀድሞ የገዛው ሁሉ ይነሳባቸዋል። እነዚህን ሁሉ በገንዘብ ተምነው ከዋጋው ላይ ይቀንሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ግን መካከለኛ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ዋጋዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው። አምና አምስት ቤቶች በ40፣ 60፣ 80፣ 120 እና 160 ተሸጡ እንበል፤ መካከለኛው 80 ነው። ዘንድሮ እያንዳንዱ ቤት ዋጋው 10 በመቶ ወረደ፤ በብድር የሚገዙት ሰዎች ስለጠፉም ርካሾቹ ሁለቱ አልተሸጡም። የተሸጡት በ72፣ 108 እና 144 ናቸው። መካከለኛው 108 ሆነ፤ «ዋጋ 35 በመቶ ጨመረ» ተብሎ ይወራል። አንድም ቤት አልጨመረም። መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ቤትን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው፤ ኢኮኖሚስቶቹ ካርል ኬዝ እና ሮበርት ሺለር የሠሩት የቤት ዋጋ መለኪያም የተመሠረተው የአንድን ቤት ሁለት ሽያጮች በማነጻጸር ላይ ነው። በሰፈርዎ ሁለት ጊዜ የተሸጠ ቤት ካጡ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ስፋት ያላቸው ቤቶች ጥሩ ምትክ ናቸው።

የዋጋ ግሽበትም ውድቀትን ይሸፍናል። ቤቱ ለሁለት ዓመት 100 ላይ ቆሞ ሌላው ዕቃ በዓመት 10 በመቶ ከጨመረ፣ የቤቱ እውነተኛ ዋጋ ወደ 83 ገደማ ወርዷል።

ዋጋውን መገመት

ከሦስት እስከ አምስት በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ይዘው እያንዳንዱን ለጊዜ ያስተካክሉ። ገበያው በወር 1 በመቶ እየወረደ ከሆነ፣ ከስድስት ወር በፊት 100 የተሸጠው ዛሬ 94 ገደማ ነው። ሽያጭ ጠፍቶ የሚነጻጸር ሲያጡ፣ የቆየ ዋጋ ከሚያመጡ ወደ አጎራባች ሰፈር ቢሻገሩ ይሻላል፤ በሚወርድ ገበያ ውስጥ የጊዜ ልዩነት ከቦታ ልዩነት የበለጠ ያሳስታል።

ግምቱን በኪራይ ይፈትሹት። ዋጋው 100 የሆነ ቤት በወር 0.5 ቢከራይ በዓመት 6 ነው። አንድ ወር ባዶ ይቆማል ብለው 0.5፣ ለጥገና 1፣ ለግብርና ለመድን 0.5 ሲቀንሱ 4 ይቀራል። ባንክ ለተቀማጭ ከዚህ በላይ የሚከፍል ከሆነ፣ ዋጋውን የያዘው «ወደፊት ይጨምራል» የሚል ተስፋ ነው፤ በቀዘቀዘ ገበያ ደግሞ ቀድሞ የሚሸሸው ይህ ተስፋ ነው። ስሌቱን በማስታወቂያ ኪራይ ሳይሆን ተከራዮች በእርግጥ በሚከፍሉት ይሥሩ።

ወለድንም አይርሱ። 100,000 ብድር በ30 ዓመት ሲከፈል በ3 በመቶ ወለድ ወርሃዊው 422 ገደማ፣ በ6 በመቶ 600 ገደማ ነው። በወር 422 ብቻ መክፈል የሚችል ሰው በ6 በመቶ የሚያገኘው ብድር ወደ 70,300 ይወርዳል። ገዢዎቹ በብድር የሚገዙበት ሰፈር ቀድሞ የሚመታው ለዚህ ነው።

ሲሸጡና ሲገዙ

ሻጭን የሚጎዳው ገበያውን ከኋላ እየተከተሉ ዋጋ መቀነስ ነው። ቤትዎ ዛሬ 100 ያወጣል፤ ገበያው በወር 1 በመቶ ይወርዳል። 110 ብለው ጠሩ፤ በሦስተኛው ወር 103 አሉ፣ ገበያው ግን 97 ነው፤ በስድስተኛው 98 አሉ፣ ገበያው 94 ደርሷል። በዘጠነኛው ወር 91 ይሸጣሉ፣ የዘጠኝ ወር ወለድና ጥገናም ከፍለዋል። መጀመሪያውኑ 97 ብለው ቢጠሩ ከተወዳዳሪዎችዎ ሁሉ በፊት ይጎበኙ ነበር። በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ በቂ ጎብኚ መጥቶ ዋጋ የሚያቀርብ ከሌለ ዋጋው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ጭራሽ ጎብኚ ከሌለ በጣም ከፍ ብሏል። ሲቀንሱ አንዴ በደንብ ይቀንሱ፤ በየሳምንቱ 1 በመቶ መሸራረፍ ገዢውን ቆይ እንዲል ያስተምረዋል።

ገዢ ከሆኑ ከመደራደርዎ በፊት በቤቱ ላይ ያለውን ዕዳ ያጣሩ። ዕዳው ከዋጋው ከበለጠ ሻጩ ቢስማማም ባንኩ ካልፈቀደ ስም አይዛወርም፤ ወራት ይባክናል። የባንክ ገማች ከተቆረጠው ዋጋ በታች ቢገምት ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ መሙላት የሚኖርብዎት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ቀብድዎ ተመልሶ ውሉ የሚፈርስበትን አንቀጽ አስቀድመው ያስገቡ። ያልተሠራ ቤት ከአልሚ ሲገዙ ጥንቃቄው ይብሳል፤ ሽያጭ ሲቆም የአልሚው ገንዘብም ይደርቃል፣ ግንባታውም ይቆማል። ክፍያዎ በቀን ሳይሆን በተጠናቀቀ የግንባታ ደረጃ ይታሰር። ሥራው ቦታ ላይም ሳያሳውቁ በሥራ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሄደው ሠራተኞቹን ይቁጠሩ።

ገበያው መዞሩ የሚታወቀውም በዚያው በቆጠራው ነው፦ ሽያጩ ከአምናው ተመሳሳይ ወር ለተከታታይ ወራት ሲበልጥ፣ ክምችቱ ሲሳሳ፣ ዋጋ የሚቀንሱ ሻጮች ሲያንሱ። እዚህ ላይ ግን ሳይሸጡ ከማስታወቂያ የተነሱትን ቤቶች ዝርዝር አይጣሉ። የመጀመሪያው ጥሩ ወር ሲመጣ ሻጮቹ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ክምችቱም እንደገና ያብጣል። በሠንጠረዥዎ 25 እንዲህ ተነስተው የቀሩ ቤቶች ካሉና በወር የሚሸጠው 5 ከሆነ፣ ማስታወቂያ ላይ ከሚታየው በላይ የአምስት ወር ክምችት ተደብቆ ይጠብቃል ብለው ያስሉ።