ማዘርቦርድ ስትመርጡ ገንዘባችሁ የት ላይ ይዋል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኃይለኛ ኮምፒውተር በራሱ ለመገጣጠም ያሰበ ሰው፣ ውድ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ሁሉ አስተማማኝ ነው ብሎ ባይነሳ ይበጀዋል። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከተጨማሪ የኤስኤስዲ ማስገቢያዎች፣ ከፈጣን የኔትወርክ መስመርና ከጌጥ መብራት ሲሆን፣ የቦርዱን ዕድሜ በእጅጉ የሚወስነው ግን ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ክፍል፣ ማለትም የቪአርኤሙ ጥራትና በላዩ ያለው የሙቀት ማብረጃ ብረት ነው። ከደሴ ይልቅ ሞቃት በሆነችው ኮምቦልቻ ይህ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

የኤኤምዲን ፕሮሰሰር ለሚመርጥ ሰው፣ ቢ650 ቺፕሴት (ቦርዱ ምን እንደሚፈቅድ የሚወስነው ቺፕ) ያለው ደህና ቦርድ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ስለሚፈቅድ ወደ ኤክስ670 መሄድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ኢንቴል ግን ይህን በይፋ የሚፈቅደው እንደ ዜድ790 ባሉት ላይ ነው። የኢንቴልና የኤኤም5 (ቢ650ን የመሳሰሉት የኤኤምዲ) ቦርዶች ፒኖቻቸው ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት ሶኬት ውስጥ ስለሆኑ፣ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ በስልክ መብራት ተመልከቷቸው፤ የታጠፈ ፒን ካለ ሻጩ የቱንም ያህል ቢቀንስ አልመክርም።

የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ፓወር ሰፕላይና ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ለሚሰጥ ባትሪ) አውሉት፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) በሚታደስበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ፣ የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ (ባዮሱን ከዩኤስቢ መልሶ የሚጭን) የሌለው ቦርድ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል።