የፔሊካኖቹን ደቦ ለማየት

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጣና ዳር ተገኙ። ባይኖኩላር ባይኖራችሁም ችግር የለም። ደንገሉ አጠገብ ቁጭ በሉና ስልካችሁን ድምፅ አጥፉ። የእኔ አንዴ ጮኾ መንጋውን በሙሉ አስበርግጎብኛል።

አንዷን ወፍ ብቻ አትከተሉ፤ መንጋውን እዩ። ነጮቹ ፔሊካኖች ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ ዳር፣ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ይነዱታል። ከዚያ ሁሉም እኩል ምንቃራቸውን ይነክራሉ። ከምንቃራቸው ሥር ያለው ከረጢት ሲወጠር፣ ውኃው በጠርዙ ሲንጠባጠብ ልብ በሉ። እኔ ደቦ ነው የምለው። አንዱ የሌላውን ሲነጥቅም ታያላችሁ። መቼም ደቦ ላይ ጠላው ሲቀርብ ብቻ ብቅ የሚል አይጠፋም!

ረፋድ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ወደሚያጸዱበት ሂዱ። እዚያ ግማሽ ክብ የለም፣ ግፊያ ብቻ። ሁለቱንም ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። ዳቦ ግን አትወርውሩላቸው።